የሌላትን ተዪ ማለት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ በመትከል ስለሚሰጠው ሕክምና፣ ስለ አኩፓንክቸር፣ የወጣውን ጽሑፍ ታናሿ ልጄ አነበበችልኝ፤ መነጽሬ ተሰብሮ ነው። «መድኃኒት የማያስፈልገው ምጥ» የሚለው ላይ ስትደርስ «እዚያ ላይ ቁሚ» አልኳት።

31 ዓመት ያዋለድኩ ጡረተኛ ነኝ። ብዙውን ጊዜ የሠራሁት መንዝ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የሌሊቱ ብርድ እጅ ያደነዝዛል፤ ወላዷ ከቤቷ ያመጣችው ባና ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ። ለምጥ ሕመም የነበረን መድኃኒት ምላሳችን ነበር። «አይዞሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» እያልን እናነጋዋለን።

ትልቋ ልጄ ስዊድን ስትወልድ ላርሳት ሄድኩ። (ቅቤው በአውሮፕላን ጣቢያ እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።) ምጡ ጠንከር ሲል አዋላጇ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች አወጣች። አንዷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ላይ፣ ሌላዋን ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል አራት ጣት ከፍ ብላ ተከለች። መርፌዎቹ መድኃኒት የላቸውም፤ ደምም አላየሁም። ልጄ «ትንሽ ተነፈስኩ» አለች። ቆይታ ግን «እማዬ፣ አልቻልኩም» ስትል አዋላጇ አልተከራከረቻትም፤ የሚሳበውን ጋዝ አቀበለቻት። በኋላም የማደንዘዣ ሐኪሙ መጥቶ ኤፒዱራል የሚሉትን የሚያደነዝዝ መድኃኒት በጀርባዋ ሰጣት። መርፌዎቹን የተከለችውም ሐኪሙን የጠራችውም ያቺው አዋላጅ ናት።

እዚያው አገር የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 303 ሴቶች ተሳትፈውበታል። ሕመሙ ምን ያህል እንደሆነ ሲጠየቁ፣ መርፌ የተተከለላቸውም ያልተተከለላቸውም መልሳቸው ተቀራራቢ ነበር። ነገር ግን መርፌው በኤሌክትሪክ ንዝረት ከታገዘላቸው ውስጥ ኤፒዱራል የወሰዱት 46 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት 70 በመቶ ያህሉ ወስደዋል። እንግዲህ መርፌ አንዳንዷን ሊደግፍ ይችላል፤ ከታገዙትም ግማሽ ያህሉ ኤፒዱራል እንደፈለጉ ግን ጽሑፋችሁ አላነሳም።

መንዝ ላለች እናት ደግሞ «መድኃኒቱን ተዪው» ማለት የሌላትን ተዪ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር፣ ጤነኛ እናት ከጠየቀች ኤፒዱራል ወይም እንደ ፔቲዲን ያለ የሕመም ማስታገሻ እንዲሰጣት፣ እሽታና በሙቅ መያዝም እንዲኖር፣ የመረጠችው ሰውም አጠገቧ እንዲሆን ይላል። የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ግን ስንቷን የወላድ እናት ደጅ አስቁመን ልጇን ብቻዋን አስምጠናታል! እኔም አድርጌዋለሁ።

ጫና የሚባለውን፣ ያለ መርፌ በእጅ መጫንን፣ ስሙን ሳላውቅ ስሠራው ኖሬአለሁ። ምጡ ሲመጣ ከወገብ በታች ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፌ ደግፌ እይዛለሁ፤ ሲያልፍ እለቃለሁ። ከአንዲት አሮጊት የመንደር አዋላጅ ያየሁት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. 28 ጥናቶችን የመረመረ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማም በጣት መጫን ሕመሙን ሊያቀል እንደሚችል ይናገራል፤ ማስረጃው ጠንካራ ነው አላለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ጎረቤቴ ናት። ባለፈው ሳምንት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ምራቷን ይዛ መጣችና «በጋዜጣ የወጣችውን የእጅ ቦታ ተጫኝላት፣ ከአሁኑ ትልመደው» አለችኝ። የአኩፓንክቸር ባለሙያዎች ራሳቸው ያቺን ቦታና የቁርጭምጭሚቷን ቦታ ያለ ጊዜው ነፍሰ ጡር ላይ እንዳይነኩ ያስጠነቅቃሉ። ጽሑፋችሁ ይህን አልጠቀሰም፤ በሚቀጥለው እትም እንድታርሙት እለምናለሁ። ምራትየዋን ቡና አጠጥቼ ወደ ክትትሏ መለስኳት። ወሯ ሲገባ ጤና ጣቢያ ካስገቡኝ፣ ወገቧን እኔው እይዝላታለሁ።

ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ