ባለ ባልጩት ጠመንጃ ያለው አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ ጊዜ ከጎጃም አንድ ሰው «ጠመንጃ እፈልጋለሁ» ብሎ ሲጽፍላችሁ መደንገጣችሁ አይቀርም። ረጋ በሉ። የምፈልገው ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ የሚጎረስ፣ በባልጩት ድንጋይ የሚተኮስ የጥንት ጠመንጃ ነው። ያውም የአፈሙዙ ቀዳዳ ጠባብ የሆነውን፣ ቀጭኑን።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብረታ ብረት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዳኝ አይደለሁም፤ ወፍ እንኳ ተኩሼ አላውቅም። የሚያስጎመጀኝ ጎኑ ላይ ያለው ሥራ ነው። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱን የነከሰው መዶሻ ይወርድና ፊት ለፊቱ የቆመውን ብረት ይፍቀዋል። በዚያው ምት ብረቱ ወደ አፈሙዙ በኩል ይገለበጥና ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሳህን ትከፈታለች። ሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ በብልጭታው ይያዛል፤ እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያነሣዋል። ጥቂት ሞላ፣ ጥቂት ብሎን፣ አለቀ። ብረት ለምን ግሎ እንደሚነከር፣ ሞላ ለምን እንደማይሰበር ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ደላላው በዛ። ከቢቸና በኩል የመጣው አንዱ «የባልጩት ነው፤ መዶሻውን ይዩት እንጂ ጋሼ!» ይለኛል። ሳየው ሰናድር ነው። የሰናድር መዶሻ በጎን ስለሆነ ያሳስታል እንጂ፣ ጥይቱ የሚገባው ከኋላ፣ ክዳኑ ወደ ጎን ተገልብጦ ነው። በ1860 መቅደላ ድረስ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የያዘው እሱን ነበር። ሌላው ደግሞ ውጅግራ የሚባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ አምጥቶ በእመብርሃን ይምላል። ውጅግራ ጎኑ ላይ መዶሻ የሚባል ነገርም የለው!

አይፈረድባቸውም። የባልጩት ጠመንጃ በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። ፖርቱጋሎች በ1533 ይዘውት የመጡት በሚጤስ ገመድ የሚተኮሰውን ነው። የጎጃሙ ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጉር አምባ ላይ በወደቁበት በ1845ም አብዛኛው ነፍጥ ያው የገመዱ ነበር። እንደ ብረት ሠራተኛ ስገምተው፣ ገመዱን ማንም ይገምደዋል፣ የተበላሸውንም የሰፈር ቀጥቃጭ ይጠግነዋል። የባልጩቱ ሞላ ከተሰበረ ግን ማን ይሠራዋል? ዓድዋ ሲደርስ ደግሞ ከኋላ የሚጎርሰው አገሩን ሞልቶታል።

ቀጭኑን ለምን መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ወፍራሙ የወታደር ነው፤ የእንግሊዙ የድሮ ወታደር ጠመንጃ አፉ 19 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቀጭኑ የባላገር መሣሪያ ነው። አሜሪካ ፔንስልቬንያ የሰፈሩ የጀርመን አንጥረኞች ረጅሙን፣ አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበትን ጠመንጃ አበጁ። ከዚያ ዘር ለዛፍ ሽኮኮ የሚሆነው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አረሩ 3 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከአንድ ኪሎ እርሳስ ከ300 በላይ ይወጣል። ከወታደሩ ዓይነት ግን 30 ቢወጣ ነው። ቆጣቢ ሰው ያሰበው ነገር ነው፤ ጎጃሜ ቢያየው ይወደዋል።

እዚያው ፔንስልቬንያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ ከገና በኋላ በባልጩት ጠመንጃ ብቻ አጋዘን የሚታደንበት ወቅት አላቸው። በፈረንጆች 1968 የወጣው የፌዴራል ሕጋቸውም እስከ 1898 የተሠሩትን፣ በዚያው አምሳል የሚሠሩትን ባለ ባልጩቶችም ጭምር፣ ከጦር መሣሪያ አይቆጥርም። እኛም እንደነሱ እንልቀቀው አልልም። የያዝነው መሣሪያ ይበቃናል።

ግን አንድ ነገር ይለይልን። አንዱ ቢሮ ብሄድ «ይህ ቅርስ ነው፣ አዋጅ 209/1992 ነው የሚመለከተው» ተባልኩ። ሌላው ጋ ስሄድ «ጠመንጃ ጠመንጃ ነው፣ 1177/2012ን ያንብቡ» አሉኝ። ሁለቱም ወረቀት አልሰጡኝም። ባለቤቱም ይህንን ስለሚፈራ ከአያቱ የወረሰውን ዕቃ አውጥቶ አያሳይም፤ ሲብስበት ለቀጥቃጭ ይሸጠዋል። አንድ ቀጥቃጭ ቤት የጥንት አፈሙዝ ተቆርጦ የወናፍ አፍንጫ ሆኖ አይቻለሁ። አንጀቴ ነው ያረረው። ቅርስ ብሎ መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ እዚያው ባለቤቱ እጅ ማቆየት ምን ይከብዳል?

እንግዲህ በሕግ መንገድ ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀኝ። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ከሆነ ግን ደጄን አይርገጥ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፣ ቀለምም አትቀቡት፤ ዋጋው የሚወርደው ያኔ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ መጉረስ አለመጉረሱን እዩ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ እስኪቆም አስገብታችሁ ልኩን ምልክት አድርጉ፤ ፊታችሁን ግን ከአፉ አርቁ። ከዚያ ዘንጉን አውጥታችሁ በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን አስተኙት። ጫፉ እሳት ማስገቢያው ቀዳዳ ጋ ሳይደርስ ከቀረ ውስጡ የቀረ ነገር አለ። ባሩድ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ይነድዳል፤ ስለዚህ እሳት ሳታስጠጉ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የብረታ ብረት መምህር
ደብረ ማርቆስ