ሰርግ የለውም፣ ልብስ ሰፊም የለውም

ውድ አዘጋጅ፣

ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከመኪናዬ ፊት ስቀመጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መኪና ስል የስፌቷን ነው። ጋዜጣችሁን የማነበው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ካነበበው በኋላ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አይፍረዱብኝ።

በቅርቡ ስለ ኮሪያው የሞዴሎች ድራማ፣ «ሪከርድ ኦፍ ዩዝ» ስለሚባለው፣ አንድ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው ድራማው ሴት ልጆቻችንን ከመስታወት ፊት እንዳይነሱ እያደረጋቸው ነው አሉ። ወንዱ ሸንቃጣ፣ ሴቷ ቆንጆ፣ መጨረሻው ሰርግ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም ብለው ዘጉት።

እኔ 16ቱንም ክፍል አይቻለሁ። ሰርግ የለውም።

ሳ ሄጁን የሚባለው ሞዴልና አን ጆንግሃ የምትባለው ሜካፕ ሠሪ ይዋደዳሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ልጁ ታዋቂ ሲሆን ጊዜ ያጣል። ወሬ ይወራበታል፣ ወሬው ለእሷም ይተርፋታል። ይለያያሉ። እሱ ውትድርና ይገባል፤ እዚያ አገር ለወንድ ልጅ ግዴታ ነው። ሲመለስ ይገናኛሉ፣ በፈገግታ ሰላም ይባባላሉ፣ አለቀ። ልጄ እዚህ ጋ አልቅሳለች። እኔ «ጎሽ» ነው ያልኩት። ሁለቱም ሥራቸውን ይዘው ቆሙ፣ ምን ይፈለጋል? ደግሞ የሚገርመው፣ ሄጁንን ሆኖ የተጫወተው ፓርክ ቦ ገም ራሱ በፈረንጆቹ 2020 ድራማው መታየት ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የእውነት ባሕር ኃይል ገብቷል። ይሄን የነገረችኝ ልጄ ናት። እሷ የማታውቀው የለም።

ድራማው እንዴት እጄ እንደገባም ልንገራችሁ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጥታ ነሐሴን ሙሉ ከእኔ ጋር ሱቅ ዋለች። ነሐሴ ለእኛ የዩኒፎርም ወር ነው፤ ቀና የምንልበት ጊዜ የለም። ማታ ማታ በሩን ገርበብ እናደርግና ላፕቶፑን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ፊልሙን በፍላሽ አስጭናው ነው የመጣችው። ወሬው ኮሪያኛ ነው፣ ከታች የሚጻፈው እንግሊዝኛ። እሷ እያነበበች በአማርኛ ታወራልኛለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ እናያለን። ባትሪው ካለቀ ደግሞ በጨለማው ስለ ሰዎቹ እንጨቃጨቃለን።

ቤታችን የውጭ ድራማ ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምርና ቱርኮቹ አማርኛ ሲናገሩ ባለቤቴ ወጥ አሳርራለች። ያኔም ባህላችን ጠፋ ተብሎ ብዙ ተጽፏል። የእኛ የፊልም ሰዎችም እንጀራችን ተነካ ብለው ጮኸዋል፣ የእነሱስ ይገባኛል። ባህሉ ግን እስካሁን አለ። ወጡም ከዚያ ወዲህ አላረረም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጸሐፊው ድራማው ላይ የፈሩት የተራቆተ ትከሻ ነው። እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ሄጁን መድረክ ላይ ሲወጣ ካሜራው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ግን ኪሱ ባዶ ነው። ያሠራው ኤጀንት ገንዘቡን ዛሬ ነገ እያለ ያጓትትበታል። ልጁ ያን ሁሉ ቁመትና መልክ ይዞ ለሌላ ታዋቂ ሰው ጠባቂ ሆኖ ይቆማል፤ ያውም በትርፍ ሰዓት። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከአያቱ ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። ፖስተሩ ላይ ሲታይ ግን ንጉሥ ነው።

ይሄን ሳይ መርፌዬን አስቀምጬ «አቁሚው» አልኳት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቁንጅና ውድድር አዘጋጅ ሱቄ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ነው አሉ። ስምንት ቀሚስ አዘዘኝ፣ የአገር ልብስ ሆኖ ዘመናዊ ቅድ። ቀብድ ሰጠኝ። ልጆቹ ለፕሮቫ ሲመጡ አብሬ አወራኋቸው። አንዷ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ናት፣ ወገቧን ስለካ ሜትሩ ሥር ሆዷ ይንጫጫል። «ምሳ በልተሻል?» አልኳት። «እንዳትወፍሩ ተብለናል ጋሼ» አለችኝ። ሻይና ሳምቡሳ አስመጣሁላት፤ ሳምቡሳውን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለቤት ይሆን ለኋላ አልጠየቅኩም። ውድድሩ አለፈ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ፎቶው ተነሳ። ቀሪ ሒሳቤን ልጠይቅ ስደውል ስልኩ አይነሳም። ከወር በኋላ ያቺ ልጅ ዚፕ ልታስቀይር መጥታ ነገረችኝ። ለእነሱም አልተከፈላቸውም። «ስም ታገኛላችሁ፣ ሰው ያያችኋል» ነው የተባሉት።

ስም ሽንኩርት አይገዛም። እኔ ቢያንስ ቀብዱን በልቻለሁ፣ እነሱ ምንም።

እንግዲህ ያን ድራማ የጻፈችው ሴትዮ ይሄን ጠንቅቃ የምታውቅ ይመስለኛል። ፍቅሩን ለማጣፈጫ ጨመረችው እንጂ ወጡ ገንዘቡና ቤተሰቡ ነው። ጆንግሃን እዩአት። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የነበራትን ሥራ ጥላ ነው ሜካፕ ልትማር ከታች የጀመረችው። አለቃዋ ታስለቅሳታለች። ችላ ታድራለች፣ በኋላ የራሷን ቤት ትከፍታለች። ከተማችን ውስጥ ስንት የፀጉር ቤት ልጅ እንዲህ ወንበር ተከራይታ እንደምትሠራ ጸሐፊው ወጣ ብለው ቢያዩ ጥሩ ነበር። ይቺን ገጸ ባሕርይ «ቆንጆ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው።

የኔ ትልቁ ክርክር ግን በሀብታሙ ልጅ እናት ላይ ነው። ዎን ሄህዮ የሄጁን ጓደኛ ነው፣ እሱም ሞዴል። ልጁ ራሱ ጨዋ ነው፣ በሥራዬ ነው የተነሳሁት ብሎ ያምናል። እናቱ ከኋላ ሆና ነው የምትገፋው። በኢንተርኔት የሚከተሉትን ሰዎች ቁጥር ሳይቀር በገንዘብ ታሳድግለታለች። አንድ ቀን ልጁ ይሄን ያውቃል። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር! ቅድም ያለ ገበር የሰፋሁት ኮት ነው የመሰለኝ፣ ቅርጹ በአንዴ ወረደ። እናትየዋ ክፉ አይደለችም። ትወደዋለች። ለዚህ ነው የሚያስፈራው። የሄጁን እናት ደግሞ እዚያው ቤት የቤት ሠራተኛ ናት። አንዷ የምታጥበውን ሰሃን ሌላዋ ትበላበታለች፣ ልጆቻቸው ግን አንድ መድረክ ላይ ይሽቀዳደማሉ። ይሄን ያህል ነገር በአንድ ቤት ውስጥ የሰበሰበ ድራማ «ባዶ» ይባላል?

የሄጁንን አባት ሳይ ደግሞ ነገሩ ወደ ቤቴ ተጠጋ። አናጢ ነው። ጅማ ላይ አናጢ ስንል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በርጩማችን አገር ያወቀው ነው፣ በየሳሎኑ አለ። እና ይሄ አናጢ ልጁን «ተው፣ ልክህን እወቅ» ይለዋል። ይጮኽበታል። የልጄ ፊት ወደ እኔ ዞረ። ምንም አላለችም። እኔም ክሩን ልሰካ መርፌዋን ቀዳዳዋን እየፈለግኩ ቀረሁ፤ ዓይኔም ደክሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ረጅም ናት፣ በእናቷ ወጥታ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጓደኞቿ ፋሽን ሾው ሲያዘጋጁ እሷን ነው የሚያስቀድሟት። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ሞዴሊስትነት ልሠልጥን ብላኝ «አይሆንም» አልኳት። ለምን ስትለኝ «አይሆንም ብያለሁ» አልኩ። ያቺን ሳምቡሳዋን የጠቀለለች ልጅ እያሰብኩ ነበር። ግን አልነገርኳትም። እሷ የገባት፣ ጸሐፊያችሁ እንዳሉት፣ ስለ ትከሻ ነው የተቆጣው ብላ ነው።

በጨለማው ጭቅጭቃችን ላይ የምታመጣብኝ ሰው ደግሞ ሞዴሏ ሊያ ከበደ ናት። «አባዬ፣ ሊያስ?» ትለኛለች። ሊያ እንግዲህ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ጉቺ ለሚባለው የፋሽን ቤት መድረክ የወጣች፣ በ2003 ኤስቴ ላውደር የሚባለው የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር የማስታወቂያ ፊት የሆነች ናት። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና አምባሳደር አድርጓታል። እኔን የሚማርከኝ ግን በ2007 የጀመረችው ነው፤ ለምለም ብላ የራሷን የልብስ ሥራ ስትከፍት የኛን ሸማኔዎች ሥራ ይዛ ነው የተነሳችው። ያን ሁሉ መድረክ ረግጣ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ የሚወረውረውን ሰው ነው። ይሄን ስሰማ ዝም እላለሁ። ልጄም ማሸነፏን ታውቅና ዝም ትላለች።

በነገራችን ላይ ድራማው ላይ የምቆጣበት አንድ ነገር አለኝ። ዲዛይነር አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ ሜካፕ ሠሪ አለ፣ ማናጀር አለ። ልብስ ሰፊ ግን የለም! 16 ክፍል ሙሉ ሰው ኮት ይለብሳል፣ ኮቱን ማን እንደሰፋው የሚጠይቅ አንድ ነፍስ የለም። የአንዳንዱ ትከሻ አቀማመጥ እኮ እጅ የሚያስም ነው። ልጄን አንድ ቦታ ላይ ሦስቴ አስመልሻት ኮሌታውን ብቻ አየሁ። «አባዬ፣ እየተሳሳሙ እኮ ነው» አለችኝ። ይሳሳሙ።

ከሁሉም የወደድኩት አያትየውን ነው። በወጣትነቱ መልኩን ተማምኖ ቤተሰቡን ያከሰረ ሽማግሌ ነው፤ ልጁ፣ አናጢው ማለቴ ነው፣ ይሄን ይቅር አላለውም። ሄጁን ላይ የሚጮኸውም አያቱን እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ታዲያ ያ ሽማግሌ በስተርጅና ለአዛውንቶች የሞዴል ትምህርት ይመዘገባል። አካሄድ ይማራል። ሥራ ያገኛል። ገንዘብ ይዞ ቤት ይገባል!

ይሄን ክፍል ባየን በማግስቱ ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ከገጠር የሚመጡ አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት። በየዓመቱ ለአረፋ ኮት ያሰፋሉ፣ የዘንድሮውን ግን ቡና ሳይሸጡ አልወስድም ብለው እኔው ጋር ተሰቅሎ ከርሟል። አለበስኳቸው። ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ገበሩ ቡናማ። መስታወቱ ፊት ቆሙ፣ ምርኩዛቸውን ለልጄ ሰጧት፣ ጀርባቸውን አቀኑ። ከዚያ እስከ በሩ ሄዱ። ዞሩ። ተመለሱ። አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ማንም አላስተማራቸውም። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አቁሞ ያያል። ልጄ በኦሮምኛ ፎቶ ላንሳዎት ስትላቸው «ስንት ትከፍይኛለሽ?» አሏት።

ሳቅን፣ ግን ልጄ ከእኔ ቀድማ ሳቋን አቆመች። ማታ ላይ ስለዚያ ውድድር፣ ስለ ስምንቱ ቀሚስና ስለ ሳምቡሳዋ ልጅ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገርኳት ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። የቀሩትን ክፍሎች ይዩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው ልጄ ታወራላቸዋለች፣ ቁልፍ መትከል ግን ግዴታ ነው።

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የተላከላትን ውል ይዛ መጣች። ሁለት ገጽ ነው። ከጥዋቱ ስንት ሰዓት መገኘት እንዳለባት ተጽፏል፣ ክብደቷ ስንት መብለጥ እንደሌለበት ተጽፏል፣ ፎቶው የማን እንደሆነ ተጽፏል። ክፍያ የሚለው መስመር ላይ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው። በልብስ መቁረጫ ጠመኔዬ ከብቤ መለስኩላት።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊው
ጅማ