የሥነ ፈለክ ክበብ፦ በትንሿ ቴሌስኮፕ ያየነው

ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ተከትሎናል፦ «በተሰጣችሁ ገንዘብ ለምን ትልቁን አልገዛችሁም?» ትልቁ የተባለው ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል የተጻፈበት ነው። የክበቡ ልጆች ግን መጀመሪያ ያዩት የሌንሱን ስፋት ነው። 60 ሚሊሜትር ብቻ! እንዲህ ያለ ሌንስ ከ120 ጊዜ በላይ አጉላ ሲባል የሚያሳየው ብዥታ ነው። ስለዚህ ባለ 70 ሚሊሜትሯን መረጥን።

በሌንስ ፈንታ ብርሃንን በመስታወት የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ ብንገዛ በዚያው ገንዘብ ሰፋ ያለ እናገኝ ነበር። ነገር ግን መስታወቱ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል። የእኛ ዕቃ ደግሞ ከላቦራቶሪ ወደ ሜዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። ባለ ሌንሷ ይህን ትችላለች። የትኩረት ርቀቷ፣ ማለትም ከፊት ሌንሷ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት፣ 700 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ዓይናችንን ለምናስጠጋበት የዓይን ሌንስ ቁጥር ሲካፈል በ25 ሚሊሜትሩ 28 ጊዜ፣ በ10 ሚሊሜትሩ 70 ጊዜ ታጎላለች። አጭር ቱቦ ለመሸከም ይቀል ነበር፤ ግን ሌንስ በጨረቃና በጁፒተር ዙሪያ የሚያሳየው ሐምራዊ ጠርዝ ይብስብን ነበር።

የየሳምንቱ ስብሰባ እንደተለመደው ተካሂዷል። ኮሚቴ ተመርጧል፣ የግድግዳ ጋዜጣም ወጥቷል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ጁፒተር ምሽት ነው።

ወላጆችን አስፈቅደን ኳስ ሜዳው ላይ አመሸን። ልጆቹ ተራ በተራ እያዩ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች በደብተራቸው ይነጥባሉ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንኑ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ብቻ ነጥባ መጣች። ጓደኞቿ «አራት ናቸው፣ መጽሐፉ ላይ አለ» ብለው ወጠሯት። እሷ ግን «ያላየሁትን አልነጥብም» አለች። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ ልጅ ናት። ሌሎቹ ሲሰለቹ እሷ ከቴሌስኮፑ አልራቀችም። በኋላ «ቲቸር፣ ጁፒተር ጠርዙ ላይ ብጉር አወጣ!» ብላ ጮኸች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። ነጥቧ ቀስ በቀስ ከጠርዙ ተላቀቀች። በስልክ ከኮከብ ካርታ ጋር ስናመሳክር ከአራቱ ጨረቃዎች አንዷ፣ አዮ ሆና ተገኘች፤ ከጁፒተር ጀርባ መውጣቷ ነበር። ልጅቷ አራተኛውን ነጥብ ከነሰዓቱ ጻፈች። እኔ በማስተማር ዘመኔ እንዲህ የኮራሁበት ደብተር ጥቂት ነው።

ደመና ብዙ ምሽት አበላሽቶብናል፤ ለዚህ ማንንም አልወቅስም። የግቢው መብራት ግን ማጥፊያ አለው። ደጋግመን ጠይቀናል፣ እስካሁን የሰማን የለም። የቴሌስኮፑ ማቆሚያም ቀጭን ስለሆነ በነካነው ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ለሌሎች ክበቦች በየዓመቱ አዲስ ዕቃ ሲገዛ እናያለን፤ ደስም ይለናል፤ እኛም ግን ተራ ደርሶናል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ጠንካራ ማቆሚያና ከቱቦው ፊት የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ካለን ቀን ቀን የፀሐይን ጥቁር ነጠብጣቦች ማየት እንችላለን፤ ማታ መምጣት የማይፈቀድላቸው ልጆችም ይካፈላሉ። ማገዝ የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍል በኩል አግኙን።