አባዬ፣ ካቻቢቴህን ላክልኝ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እማዬ ደረጃ መውጣት እንደከበደህ ነግራኛለች። አንተ ግን ስልክ ላይ "ደህና ነኝ አቦ!" ትልና ወሬ ትቀይራለህ።

እሁድ ዕለት "መቼ ነው የምትጨርሺው?" ስትለኝ ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው። መልሱ ከብዶኝ ነው። ዘንድሮ አልጨርስም፤ አንድ ዓመት ተጨምሮብኛል። ለፋሲካ አልመጣም፤ በጉን አትግዛ።

ለምን እንደሆነ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማ ፈልጌ ነው የምጽፍልህ።

የእኔ ዶክትሬት የሕክምና እንዳልሆነ ነግሬህ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን ዛሬም የመድኃኒታቸውን ስም ይልኩልኛል፤ ስለማልረዳቸው ያሳዝነኛል። እኔ የማጠናው አንጎል መንገድን እንዴት እንደሚይዝ ነው። አንተ ድሬዳዋ ላይ ከከዚራ ተነስተህ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ስትገባ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚያውቁ ሴሎች አሉ። አንዱ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ይጮሃል፣ ሌላው ድልድዩ ላይ። ይህንን መጀመሪያ በአይጥ ላይ ያገኘው ጆን ኦኪፍ ነው፣ ለንደን፣ በፈረንጆቹ 1971። በ2014 ከሁለት ኖርዌጃውያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። እነዚያ ያኔ ባልና ሚስት የነበሩት ሞዘሮች፣ የራሳቸውን ላብራቶሪ ከመክፈታቸው በፊት ለንደን ሄደው እሱ አጠገብ ተቀምጠው ሥራውን ተምረዋል። ይህን ስሰማ አንተን ነው ያስታወስኩት። ከሽማግሌው መካኒክ ሥር ተቀምጠህ ሙያህን እንደተማርከው ማለት ነው። ፒኤችዲ በአብዛኛው እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ክፍል ውስጥ መማርና ከአንዱ ላብራቶሪ ወደ ሌላው መዞር ነው። ከዚያ ፈተና አለ፣ እሱን አልፌያለሁ። ከፈተናው በኋላ ያለው ግን እጅ ማስለመድ ነው።

ምን እንደምሠራ ላሳይህ። አይጧ ራስ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች የያዘች ትንሽ መሣሪያ አለች። እያንዳንዱ ሽቦ በብሎን ወደ ታች ይወርዳል። በየቀኑ በትንሽዬ ካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ አወርደዋለሁ። የምፈልገው የሴሎች ድርድር ስስ ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሽቦውን ከድምፅ ማጉያ ጋር ሳገናኘው ሴሎቹ ይሰማሉ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። እማዬ ፈንዲሻ ስታፈነዳ ክዳኑ ሥር የሚሰማውን ታውቀዋለህ አይደል? ልክ እሱን ነው። አይጧ ከመንገዱ ጥግ ስትደርስ ይንጣጣል፣ ስታልፍ ዝም ይላል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አለቀስኩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። አይጧ ሩጫዋን ጨርሳ ስትተኛ፣ እነዚያው ሴሎች በመንገዱ ቅደም ተከተል እንደገና ይጮሃሉ። በጣም ፈጥነው። የሮጠችበትን መንገድ ተኝታ ትደግመዋለች። ያንን የእንቅልፍ ድግግሞሽ ቢያቋርጡባት መንገዱን ለመያዝ ትቸገራለች። ከሰዓት ላይ ድሬ ሱቋን ዘግታ ስታሸልብ፣ አንተም ሰሌንህ ላይ ጋደም ስትል፣ እኛን ልጆቹን "ዝም በሉ፣ አባታችሁ ይረፍ" ትለን ነበር እማዬ። አሁን ሳስበው ትክክል ነበረች።

ጥፋቴ ታዲያ ብሎኑ ላይ ነው። የዛሬ ዓመት የማቅረቢያ ቀን ደርሶብኝ ቸኮልኩ። ሩብ ዙር ማዞር ሲገባኝ ግማሽ ዙር አዞርኩት። ድምፁ ስላልጠፋ ደርሻለሁ ብዬ ወራት ሙሉ ቀዳሁ። ሥራው ሲያልቅ የአይጦቹ አንጎል በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ሽቦው የት እንደደረሰ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከስድስቱ በሦስቱ ሽቦው አልፎ ሄዶ ነበር። የሰማሁት የምፈልጋቸውን ሴሎች ሳይሆን የጎረቤቶቻቸውን ነበር። ሦስት አይጦች በእኔ ችኮላ በከንቱ ሞቱ። ይህ እስከዛሬ ይከብደኛል። ሦስቱን ደብቄ በቀሩት ሦስቱ መጻፍ እችል ነበር፤ አሳማኝ አይሆንም እንጂ የሚከለክለኝ አልነበረም። አማካሪዬን ሄጄ ነገርኩት። "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት፤ አሁንም እየደገምኩ ነው።

ያን ቀን ማታ፣ ልጅ ሆኜ ባቡር የምትጠግንበት ወርክሾፕ ምሳ ይዤልህ የምመጣው ትዝ አለኝ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጥ ነበር። እኔ ምሳው ይቀዘቅዛል ብዬ ስነጫነጭ ጣትህን አንስተህ ዝም ታሰኘኝ ነበር። አንድ ቀን ባቡሩ እየተጠበቀ፣ አለቃህ እየጮኸ፣ አንተ ግን "ገና አልሰማሁትም" አልክ። ያ ባቡር የዚያን ቀን አልወጣም።

እኔም ገና አልሰማሁትም አባዬ።

ያ ካቻቢቴ አሁንም ካለ፣ እጀታው እንጨት የሆነው፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ላክልኝ። ሻንጣ ውስጥ ይክተተው በለው፤ በእጁ ከያዘው አየር ማረፊያ ይወስዱበታል።

እማዬን ሳምልኝ። ደረጃውን ቀስ ብለህ ውጣ።

ልጅህ