ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባሕር ዳር ውስጥ መኪናው ማርሽ አልገባለት ያለ ሰው ጋራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ካምቢዮው ይውረድ»፤ ማርሽ የሚቀያየርበት የጥርስ ሳጥን ከመኪናው ይነቀል ማለት ነው። ያረጀ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ማርሽ እምቢ ሲል ግን ጥፋቱ አዘውትሮ የሚገኘው ከካምቢዮው ውጪ ነው፤ ወይ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ላይ፣ ወይ ኬብሉ ጫፍ ላይ፣ ወይ የማርሽ መቀየሪያው ዘንግ ሥር ባለች ፕላስቲክ ቦኮላ (ቀለበት) ላይ። ባለ መኪኖች ያለ አግባብ እንዳይከፍሉ፣ ሙያውን ገና የሚማሩ ልጆችም ከቀላሉ መጀመርን እንዲለምዱ በማሰብ በሥራው ላይ ያለን መካኒኮች ይህን ጽፈናል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ሁሉም ማርሽ አንድ በአንድ ይሞከር። አንዱ ብቻ ቢያንገራግር ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ትንሽ ወዝወዝ አድርጎ መድገም ነው። ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ሰተት ብሎ ከገባ፣ ሞተር ሲነሣ ግን የሚታገል ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶም እምቢ ካለ ችግሩ ዘንጉ፣ ኬብሉ ወይም ካምቢዮው ጋ ነው። 2 ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ እሱ ሳይደረግ ካምቢዮ መሬት ላይ ተቀምጦ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ፍሪሲዮኑ ከተጠረጠረ መጀመሪያ የፍሪሲዮኑ ዘይት ዕቃ ይታይ፤ ጎድሎ ከሆነ የሄደበት ቦታ አለ። ካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሿ የፍሪሲዮን ፖምፓ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ቀስ ተብሎ ገለጥ ሲደረግ ውስጡ ከረጠበ ጎሚኒዋ (ዘይቱን የምትይዘው የጎማ ቀለበት) አልቃለች። በደረቁ ግን ፔዳሉ ስፖንጅ የተረገጠ ያህል የሚለሰልስ ከሆነ አየር ገብቷል፤ ለሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ፔዳል እየረገጠ ሌላው በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ እያስተነፈሰ፣ ዶት 3 የፍሬን ዘይት እየተሞላ ይወጣል። የፔዳሉ ነፃ ጨዋታ (ሥራ ሳይጀምር በባዶው የሚሄደው) በብዙዎቹ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላ ማርሽ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ፤ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት) የለውም። ፍሪሲዮን ረግጦ 3 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሲገባ ድምፁ ከጠፋ የተበላሸ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው። በፊት ጎማ የሚነዱት ኮሮላዎች ላይ ዘንጉን ከካምቢዮው የሚያገናኙት ሁለት ኬብሎች ናቸው። አንዱ የዘንጉን የግራና ቀኝ እንቅስቃሴ ይወስዳል፤ ሌላው የፊትና የኋላውን። የሁለቱም ጫፍ ካምቢዮው ላይ ባለ ክንድ ፒን የሚገባው በቦኮላ በኩል ነው። የግራና ቀኙ ኬብል ከወለቀ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሞላ ክንዱን መካከል ላይ ስለሚያቆመው 3ኛና 4ኛ ብቻ ይገኛሉ፤ ሾፌሩ «1ኛን ስፈልግ 3ኛ ይገባብኛል» ካለ ይህ ነው። የፊትና የኋላው ከወለቀ ደግሞ ዘንጉ ላላ ብሎ ይንቀሳቀሳል እንጂ መኪናው በነበረበት ማርሽ ይቀራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩ ይጥፋ፤ ኬብሉን የሚይዘው ኮፒል ወይም ክሊፕ ተነቅሎ የኬብሉ ጫፍ ከፒኑ ይውጣ፤ ከዚያ ክንዱን በእጅ መግፋት ነው። ማርሹ ቀጭ እያለ በደንብ ከገባ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። የወጣውን ቦኮላ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጋችሁ እዩት፦ ክብ የነበረው ቀዳዳ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ አቧራና ግራሶ ተጋግሮበት እንደ ሞረድ ይሆናል። ከሞተሩ ሙቀት ሌላ የጠጠር መንገድ አቧራ፣ ቀጥሎም በኃይለኛ ውሃ መታጠቡ፣ ለዚህ አስተዋጽኦ አለው።

አዲሱ ቦኮላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲለሰልስ በፒንሳ ተጭኖ ይገባል፤ በመዶሻ አይመታም። ከገበያ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ከናይለን ማስቀረጽ ይቻላል፤ ፒኑ በካሊበር ይለካና ቀዳዳው ከፒኑ በ0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ከነሐስ ባይሠራ እንመርጣለን፤ ፒኑን ይበላል፣ የሞተሩንም ንዝረት ዘንጉ ድረስ ያመጣል። በሽቦና በከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ማሰር ጋራዥ ለመድረስ ያህል እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ሃይሉክስ ኬብል የለውም፤ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይቀመጣል። ዘንጉ ገብቶም እንደ ማማሰያ የሚዋልል ከሆነ ከሥሩ ያለችው የፕላስቲክ መቀመጫ ተበልታለች። የዘንጉ የጎማ ሽፋን ይገለጣል፤ ካምቢዮው ውስጥ አሸዋ እንዳይገባ ዙሪያው ይጠረጋል፤ በብዙዎቹ ላይ ክዳኑ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራ ሲዞር ዘንጉ ይወጣል። አዲሷን ቀይሮ፣ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው።

እየሄደ ማርሽ የሚተፋ፣ ማለትም የገባው ማርሽ በራሱ የሚወጣበት መኪና ግን ለነገ አይባልም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ 2ኛ ማርሽ ከተፋ ፍሬን ላይ የሚወድቀው ጫና ከባድ ነው። የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶ (የሚሸከማቸው ጎማ) ይፈተሽ፦ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተር ተነሥቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑ በቀስታ ሲለቀቅ ሞተሩ ብድግ ብሎ ከተቀመጠ ሱፖርቶው ተቆርጧል። እሱ ደህና ከሆነ ማርሹን የሚገፋው የውስጥ ሹካ ወይም በቦታው የሚይዘው የኳስ ሞላ ነው።

በመጨረሻ የካምቢዮው ዘይት። መሙያው ቡሎን ሳይከፈት ማፍሰሻው አይከፈት፤ መሙያው እምቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል። የእነዚህ ኮሮላዎች ካምቢዮ የሚይዘው 2 ሊትር ገደማ፣ 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ነው፤ ልኩ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ነው። የፈሰሰው በጀሪካን ይሰብሰብ፤ ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት መሄጃው ጣና ነው። ዘይቱ ውስጥ ወርቃማ የነሐስ ብናኝ በብዛት ካለና እየተሄደ አንድ ማርሽ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ 2ኛው፣ የሚንኳኳ ከሆነ፣ ያኔ ካምቢዮው በእርግጥ ይውረድ። ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ኩሽኔታውና የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል በዚያው ይታዩ፤ ለእነሱ ሲባል ሁለተኛ ማውረድ ሌላ የእጅ ዋጋ ነው።

መካኒክ አንባቢዎቻችሁ፣
ከባሕር ዳር