ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ፤ ግን «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» በሚለው የጃንሆይ ዘመን አባባል ያደረግነው ክርክር እዚህ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ድረስ ተከትሎኛል።

አንተ «አውሮፓ ሃይማኖትን ከመንግሥት ለይታ ጨርሳለች» ትል ነበር። በቀደም አብራኝ የምትሠራ ካቶሊክ የደመወዝ ወረቀቷን አሳየችኝ። ከገቢ ግብሯ ሥር የቤተ ክርስቲያን ግብር ለብቻው ተጽፏል፤ የገቢ ግብሯ 9 በመቶ ነው። ሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያኗ የሚያስረክበው መንግሥት ነው። አልከፍልም ያለ ሰው አባልነቱን የሚተወው መንግሥት ቢሮ ሄዶ ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የለም ይላል! በርሊንም ሱቆች ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች ሁሉ እንዲከፈቱ ብትፈቅድ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከስሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ረቱ።

ሳነብ የገባኝ፣ መለየቱ ራሱ የቤተ ክርስቲያን ልጅ መሆኑ ነው። ጳጳስ የሚሾመው ማን ነው በሚል ጠብ የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1077 በጥር ብርድ ጣሊያን ውስጥ ካኖሳ ላይ የሮማውን ጳጳስ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቷል። በ1122 ተተኪዎቻቸው በጀርመኗ ከተማ ቮርምስ ታረቁ፤ ቀለበትና በትረ ጵጵስናውን ቤተ ክርስቲያን ትስጥ፣ የምድሩን ሥልጣን ንጉሡ ይስጥ ተባለ። የመንፈሱና የምድሩ ድርሻ እንዲህ በውል መከፈል ጀመረ። በኋላ ሉተር ነገሩን ሁሉ ወደ ልብ እምነት መለሰው። በሃይማኖት ሰበብ ሠላሳ ዓመት የተዋጉት የአውሮፓ ሰዎች ደግሞ በ1648 ሲታረቁ ደክመው ነበር። ሃይማኖት በልብ ያለ እምነት ነው፣ ቤትህ ያዘው የሚለው ሐሳብ ያደገው ከዚህ ሁሉ ነው።

እኔ መለያየቱን እወደዋለሁ፤ ማንም በእምነቱ እንዳይገፋ ይጠቅማል። የሚያሳዝነኝ ለሰው ሁሉ የተሰፋ ልብስ ነው መባሉ ነው። ለእኛ ሃይማኖት ጾሙ፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶ መድረሱ ነው፤ ለሙስሊሙም ሶላቱና ምግቡ ጭምር። እዚህ መንግሥት ለአንድ ሃይማኖት ሙሉ የሕግ ማዕረግ ሲሰጥ የታወቁ አባላትና የሚወክል አካል እንዲኖሩት ይጠይቃል፤ ያ የቤተ ክርስቲያን መልክ ነው። አብዛኞቹ የመስጊድ ማኅበራት ከአብያተ ክርስቲያናቱ እኩል የሕግ ማዕረግ ያላገኙት አንዱ በዚህ ነው። በ2013 ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ክልል ይህን ማዕረግ ያገኘው የአሕመዲያ ሙስሊሞች ማኅበር፣ አባላቱን የሚመዘግብና በአንድ ኸሊፋ የሚመራ ነው።

አንተ አሁን ምን ትላለህ? መልሱን አታሳጥርብኝ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነም ጻፍልኝ።

ወንድምህ