ስለ ምርምር ውላችሁ፣ ከመፈረምህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ዝምታዬን ቅያሜ አታድርገው። ድርጅትህ ከአንድ የአውሮፓ ምግብ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የጋራ ምርምር ሊዋዋል ነው ሲሉ ሰማሁና ዝም ማለቱ አላስችል አለኝ።

መጀመሪያ የሆላንዱን ውል አንብበው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። በ2005 የእኛ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ ኩባንያ ጋር ለ10 ዓመት ተፈራረሙ። ኩባንያው ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ሳያንስ፣ ለጤፍ ፈንድ ሊያስገባ ነበር። ያኔ ለሌላው አገር አርአያ ይሆናል ተብሎለታል። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያ እጅ የገባው 4,000 ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ ትንሽ የምርምር ሥራ ብቻ ነው።

መክሰርስ ማንም ይከስራል። የሚያንገበግበው የፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) ነገር ነው። ውሉ በጤፍ ዘረመል ላይ የባለቤትነት መብት መጠየቅን ከልክሏል። የፓተንቱ ማመልከቻ ግን ከውሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ2003 ገብቶ ነበር፤ የሚጠይቀውም ዱቄቱን ነው፦ ሲፈጭ ፎሊንግ ነምበሩ (የዱቄት ጥራት መለኪያ ነው) ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄት፣ ከእሱም የሚሠራ ሊጥና ምግብ። ፓተንቱ በ2007 ተሰጠ። ከኪሳራው በኋላ በዚያው ሰዎች ሌላ ኩባንያ እጅ ገባ፤ ያ ኩባንያ ደግሞ ለኢትዮጵያ የፈረመው ነገር የለም። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን የፈጠራ ደረጃ የለውም (ከሚታወቀው ነገር የራቀ ፈጠራ አይደለም) ብሎ የሻረው፣ ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ ነው። የሻረውም ለሆላንድ ብቻ ነው፤ ያኔ የአውሮፓ ፓተንት ከተሰጠ በኋላ በየአገሩ ለየብቻው ነበር የሚቆመው።

ስለዚህ የአንተን ውል ከአባሪው ጀምር። እያንዳንዱ ወገን ይዞት የሚመጣው እውቀት፣ ዝርያ፣ የተሰጠና በሂደት ላይ ያለ ማመልከቻ በቁጥር፣ በቀንና በአገር ይዘርዘር። እነሱ በሰጡህ ዝርዝር ብቻ አትርካ፤ በኤስፓስኔት (የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ በነጻ ፈልግ፤ በኩባንያው ስም፣ በቀድሞ ስሙ፣ በዳይሬክተሮቹም ስም። ማመልከቻ ይፋ የሚሆነው ከገባ 18 ወር አካባቢ ቆይቶ ስለሆነ የቅርቦቹን አታገኛቸውም፤ ለእነሱ “ሌላ ያስገባነው የለም” የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ አስፈርም። ክልከላውም ዘረመል ላይ አይቁም፤ ዱቄት፣ ሊጥ፣ አፈጫጨትና አቀማመጥ በስማቸው ይጠሩ።

ከምርምሩ ለሚወጣ ፓተንት “መብቱ ለሌላ ቢተላለፍም ውሉ ይከተለዋል” የሚለው አንቀጽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኪሳራ ሲመጣ ንብረት አጣሪው ሊያልፈው ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን በመዝገቡ ላይ የጋራ ባለቤት ሆናችሁ መመዝገቡ ይሻላል። የዓመት ክፍያውን ማን እንደሚከፍል፣ አንዱ ያለሌላው ፈቃድ ማከራየት ይችል እንደሆነ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይፈታዋል።

ገንዘቡን በተጣራ ትርፍ አትስማማ። የተጣራ ትርፍን የሚሠራው የእነሱ ሒሳብ ሹም ነው፤ ወጪ ሲቆለልበት ዜሮ ይሆናል። በኢንቮይስ ላይ ካለው ሽያጭ መቶኛ ጠይቅ፤ መቶኛው ቢያንስም ግድ የለም። በዚያ ላይ ሲፈረም ቅድሚያ፣ ከዚያ በየምዕራፉ የተቆረጠ ክፍያ፣ በዓመት አንዴም መዝገባቸውን የማስመርመር መብት። ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ካልገባ በ60 ቀን ውስጥ ዘሩን የመጠቀም ፈቃዱ ይቋረጥ።

ዘር ከአገር ከመውጣቱ በፊት ስለ ዘረመል ሀብት አጠቃቀም በወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን “በኋላ እንጨርሰዋለን” ካሉህ አትስማቸው። የእያንዳንዱን ናሙና ግማሽ እዚህ አስቀር፤ ክብደቱንና የዝርያውን መለያ በርክክቡ ሰነድ ላይ አስፍር።

የራሳችሁን ተመራማሪዎችም ንገራቸው፦ ማመልከቻ ሳይገባ በጉባኤ ላይ የቀረበ ጽሑፍ አውሮፓ ውስጥ አዲስነትን ያጠፋል። ከመታተሙ በፊት የ30 ቀን መመልከቻ ጊዜ ይበቃል።

ለክርክር ግልግል ዳኝነትን ምረጥ። ኢትዮጵያ በ2020 የኒውዮርክ ስምምነትን (የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔን ስለማስፈጸም የተደረገውን) ስለተቀላቀለች ውሳኔው እዚህም እዚያም ይፈጸማል፤ የውጭ ፍርድ ቤት ፍርድ ማስፈጸም ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ረቂቁን ስትልክልኝ አባሪዎቹን እንዳትተው፤ መጀመሪያ የማነበው እነሱን ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ